ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር

ከሌንሱ የገባው ብርሃን በካሜራው ጀርባ በተገጠመው ደብዛዛ መስታወት ላይ ሲያርፍ፣ ገና ያልተነሣው ፎቶግራፍ በሙሉ ስፋቱና በሙሉ ቀለሙ ይታያል። ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ ይሆናል፤ ወደ ቀኝ የሚራመደው ሰው ወደ ግራ ያልፋል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ በነፋስ ሲወዛወዝ በመስታወቱ ላይም ይወዛወዛል። ምስሉ ደካማ ስለሆነና የውጭው ብርሃን በቀላሉ ስለሚያጠፋው፣ ፎቶግራፍ አንሺው ራሱንና የካሜራውን ጀርባ በጥቁር ጨርቅ መሸፈን አለበት። እኔ ፎቶግራፍ የማነሣው በዚህ ዓይነት አሮጌ ካሜራና በፊልም ነው። ሁሉም ሰው በኪሱ ካሜራ በያዘበት ዘመን ይህን ለምን እንደመረጥሁ የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስላሉ፣ መልሴን ከነዝርዝሩ እዚህ ላሰፍረው ወደድሁ።

ካሜራዬ ክራውን ግራፊክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1973 ድረስ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ይመረት የነበረ ሲሆን፣ አካሉ በጥቁር ቆዳ ከተለበጠ የማሆጋኒ እንጨት የተሠራ ነው። ሲዘጋ አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፤ ሲከፈት ግን የፊት ክዳኑ ራሱ ሐዲድ ይሆንና ሌንሱ ከነወናፉ፣ ማለትም እንደ አኮርዲዮን ከሚታጠፈው መሸፈኛው ጋር፣ በላዩ ላይ ተስቦ ይወጣል። ከእርሱ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው ስፒድ ግራፊክ ለአሥርተ ዓመታት የአሜሪካ ጋዜጦች ፎቶግራፍ አንሺዎች ዋነኛ መሣሪያ ነበር፤ ጆ ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1945 በኢዎ ጂማ ደሴት የአሜሪካ ወታደሮች ባንዲራ ሲተክሉ ያነሣው ፎቶግራፍ የተነሣው በእርሱ ነው። እነዚያ ጋዜጠኞች ግን በደብዛዛው መስታወት ለመመልከት ጊዜ አልነበራቸውም። ርቀቱን በጎን በተገጠመው መለኪያ ለክተው፣ በሽቦ ፍሬም አነጣጥረው፣ ካሜራውን በእጃቸው እንደያዙ ያነሡ ነበር። እኔ ይህንኑ የካሜራ ዘር በተቃራኒው መንገድ እጠቀምበታለሁ፤ ሁልጊዜ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጬ፣ ሁልጊዜም በመስታወቱ እያየሁ።

ፊልሙ በጥቅል የሚመጣ ሳይሆን አንድ በአንድ የሚጫን ሲሆን፣ መጠኑ 4 በ5 ኢንች፣ ማለትም ወደ 10 በ12.5 ሴንቲሜትር ነው። በተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንድ ምስል የሚያርፍበት ቦታ 24 በ36 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የዚህኛው ስፋት ከዚያ ከ13 እጥፍ በላይ ይሆናል። የነጠላ ጥለት፣ የሹሩባ መስመር፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ጽሑፍ ሳይቀር በኔጋቲቩ ላይ ተለይቶ ይነበባል። ነገር ግን ስለ ጥራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደከምበትም ነበር፤ የዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎችም በዚህ ረገድ የሚታሙ አይደሉም። የእኔ ጉዳይ ከመስታወቱ ጋር ነው።

መስታወቱ የሚሠራው በቀላል መንገድ ነው። በጠፍጣፋ መስታወት ገጽ ላይ ካርቦረንደም የተባለ ጠንካራ መፈግፈጊያ ዱቄት ከውኃ ጋር ተጨምሮ፣ ገጹ ወጥ በሆነ መልኩ እስኪደበዝዝ ድረስ በሌላ መስታወት ይፈገፈጋል። ዱቄቱ በላመ ቁጥር ጥቃቅኑ ዝርዝር በደንብ ይታያል፤ በአንጻሩ መሐሉ ብሩህ፣ ማዕዘኖቹ ጨለማ ይሆናሉ። ዱቄቱ ሸካራ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ በመጠኑ ተካክሎ ይሰራጫል፤ ምስሉ ግን በአሸዋ ላይ የተሣለ ይመስላል። ሰው የሚያነሣና ሕንፃ የሚያነሣ ባለሙያ አንድ ዓይነት መስታወት ላይመርጡ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በላመ ዱቄት የተፈገፈገውን እመርጣለሁ፤ የሰው ዓይን ላይ ምስሉን ለማጥራት አጉሊ መነጽር መስታወቱ ላይ አድርጌ የምመለከት ስለሆነ፣ ሸካራው መስታወት የዐይን ሽፋሽፍቱን ይውጥብኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመስታወቱ አቀማመጥ ነው። ደብዛዛው ገጽ ወደ ሌንሱ መዞር አለበት፤ ከሌንሱ ያለው ርቀትም ፊልሙ መያዣው ውስጥ ሆኖ ሲገባ ከሚኖረው ርቀት ጋር ፍጹም እኩል መሆን አለበት። የሚሊሜትር ሽርፍራፊ ልዩነት እንኳ በመስታወቱ ላይ ጠርቶ የታየውን በፊልሙ ላይ ያደበዝዘዋል። በክራውን ግራፊክ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ግራፍሎክ የሚባለው ጀርባ ባላቸው ካሜራዎች ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት በሌንሱ በኩል፣ ማዕዘኖቹን ብሩህ የሚያደርግ ኤክታላይት የተባለ ቀለበት ቀለበት ያለው የፍሬስኔል ሌንስ ይገኛል። የቀድሞው ባለቤት ይህን ሌንስ አውልቆ ጥሎት ከሆነ፣ ምስሉ የሚጠራበት ቦታ ከፊልሙ ቦታ ጋር መግጠሙ ይቀራል። አሮጌ ክራውን ግራፊክ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለዚህ ነው። ለማረጋገጥም ማስመሪያ ወይም ጋዜጣ በጠረጴዛ ላይ ሰያፍ አጋድሞ፣ በአንዱ መስመር ላይ አጥርቶ፣ አንድ ፊልም ማንሣትና ፊልሙ ላይ የጠራው ያው መስመር መሆኑን ማየት ነው።

ምስሉ ተገልብጦ መታየቱን እንደ ችግር የሚቆጥሩት ሰዎች አሉ። እኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጥ ብሎ የሚታይ ፊት ወዲያውኑ ሰው ነው፤ ዓይናችን ይወደዋል፣ ያዝንለታል፣ ያስታውሰዋል፤ ከፊቱ ኋላ ያለውን ግድግዳና ከራሱ በላይ የበቀለ የሚመስለውን የመብራት እንጨት አያይም። የተገለበጠው ፊት ግን ለጥቂት ጊዜ ስሙን ይተውና ብርሃንና ጥላ ይሆናል። ነጩ ነጠላ በጨለማው ወንበር ላይ የሚሠራው ቅርጽ፣ በግራ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ክብደት፣ ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን በጉንጭ ላይ የት እንደሚያበቃ፣ ሁሉም እኩል ትኩረት ያገኛል። ጀማሪ ሰው መጀመሪያ ላይ ካሜራውን ወደ ቀኝ ለማዞር ፈልጎ ወደ ግራ ማዞሩ አይቀርም፤ ከጊዜ በኋላ ግን እጅ ራሱ ይለምደዋል።

ወናፉ ተጣጣፊ በመሆኑ ሌንሱን ከፊልሙ ነጥሎ ማንቀሳቀስ ይቻላል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በዘጠነኛውና በዩ ጎዳና መገናኛ አካባቢ፣ የአገራችን ምግብ ቤቶች የሚገኙባቸውን የጡብ ቤቶች ሳነሣ ካሜራውን ወደ ላይ አላቀናም፤ እንዲህ ባደርግ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ካሜራውን ቀጥ አድርጌ ሌንሱን ብቻ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ጣሪያው ወደ ምስሉ ይገባል፣ ግድግዳውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌንሱን በማዘንበል ከቅርብ እስከ ሩቅ የተዘረጋን ሜዳ በአንድ ጊዜ ማጥራትም ይቻላል። የዚህን ሕግ ያብራራውና እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ያወጣበት ኦስትሪያዊው የጦር መኮንን ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ሲሆን፣ ሕጉም በስሙ ይጠራል። ክራውን ግራፊክ ለጋዜጠኛ የተሠራ ስለሆነ በዚህ በኩል ውስን ነው፤ ሕንፃና መልክዓ ምድር ዋና ሥራው የሆነ ሰው ፊቱም ጀርባውም የሚንቀሳቀስ ካሜራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የእኔ ዋና ሥራ ግን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ የአገራችንን አረጋውያን በቤታቸው ማንሣት ነው። ይህ ካሜራ ለዚህ ሥራ የሚሰጠውን ነገር ሌላ መሣሪያ ሲሰጥ አላየሁም።

አንዲት እናት በሳሎናቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ ከጨርቁ ሥር ገብቼ ብዙ ብቆይባቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ገብተህ ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«እርስዎን ነው እማማ፤ ግን ተገልብጠው ነው የሚታዩኝ» አልኋቸው።

«እስቲ እኔም ልየው» ብለው ተነሡ። የልጅ ልጃቸውን በእርሳቸው ቦታ አስቀመጥሁና ጨርቁን ከራሳቸው በላይ ያዝሁላቸው። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ጊዜ ወሰደ፤ ከዚያ «ወይ ጉድ! ልጁ ተዘቅዝቋል እኮ!» አሉ፤ ቆይተውም «ቀለሙ እንዴት ያምራል! እንዲህ እንዳለ ብትሰጠኝ ምን አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። የምጭነው ፊልም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ያንን ቀለም ልሰጣቸው እንደማልችል ነገርኋቸው። ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ግን አቀማመጣቸው ተለውጦ ነበር፤ በካሜራው ውስጥ ምን እንደሚታይ ስላወቁ ነጠላቸውን ራሳቸው አስተካከሉ፣ ፊታቸውንም ወደ ብርሃኑ ራሳቸው መለሱ። ከዚያ ወዲህ የማነሣውን ሰው ሁሉ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ አስቀድሜ በመስታወቱ እንዲያይ እጋብዛለሁ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቅደም ተከተል ነው ከሁሉ አብልጬ የምወደው። ምስሉ ከጠራ በኋላ ሌንሱን እዘጋለሁ፤ የሌንሱን ቀዳዳና የሹተሩን፣ ማለትም ብርሃኑን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል፣ ፍጥነት አስተካክላለሁ፤ የፊልም መያዣውን ከመስታወቱ ፊት አስገባለሁ። መያዣው ሲገባ መስታወቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ምስሉም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእኔ አይታየኝም። ፊልሙን የሚከልለውን ቀጭን ሳንቃ ስስበው ፊልሙ ለሌንሱ ይጋለጣል፤ የቀረው የሹተሩን ገመድ መጫን ብቻ ነው። ፎቶግራፉ በሚነሣበት ቅጽበት በካሜራው ውስጥ የማየው ምንም ነገር የለም። ከጨርቁ ወጥቼ፣ ከካሜራው አጠገብ ቆሜ፣ የማነሣውን ሰው በገዛ ዓይኔ አያለሁ፤ እርሱም ያየኛል። በብዙዎቹ ሌሎች ካሜራዎች ፎቶግራፍ አንሺው ፊቱን ከመሣሪያው ኋላ ይደብቃል። እዚህ ግን ሁለታችንም ፊት ለፊት ነን፤ እናወራለን፤ ዝም የምንልበት ጊዜም ይመጣል፤ ገመዱን የምጫነው ያኔ ነው።

ተነሺውም የራሱ ድርሻ አለው። በመስኮት ብርሃን፣ ለብርሃን ያለው ስሜት 400 በሆነ ፊልም፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 በሚባለው ልክ ላይ አድርጌ ብዙውን ጊዜ የምጠቀመው 1/10 ሰከንድ ነው፤ አሮጌዎቹ ሹተሮች የሚቆጥሩት እንደ ዛሬዎቹ 1/8ና 1/15 እያሉ ሳይሆን 1/10፣ 1/25፣ 1/50 እያሉ ነው። በዚህ አከፋፈት፣ በ135 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ካጠራሁ በኋላ ሰውየው ወደ ፊት ጠጋ ካለ ዓይኑ ይደበዝዛል። ስለዚህ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ እንዲያሳርፉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዲያኖሩና ለጥቂት ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆዩ እጠይቃለሁ።

ይህን ስጠይቅ ሁልጊዜ የሚታወሱኝ የአገራችን የጥንት ፎቶግራፎች ናቸው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው በቤተ መንግሥት አገልግለዋል። በዚያ ዘመን በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ ፈገግ ሳይሉ ይታያሉ። ይህ ካሜራውን ከመፍራት የመጣ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በእኔ ግምት ግን የዚያ አቀማመጥ አንዱ ምክንያት መሣሪያው ራሱ ነው። ምስሉ እስኪጠራ፣ በፊልም ፈንታ ያገለግል የነበረው መስታወት ከነመያዣው እስኪገባ፣ ከዚያም ብርሃኑ እስኪበቃ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት የግድ ነበር፤ ፈገግታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ፊት ላይ ይደርቃል። በእኔ ካሜራ ፊት የሚቀመጡት እናቶችና አባቶች ማንም ሳይነግራቸው ያንኑ አቀማመጥ ሲይዙ አያለሁ። በኔጋቲቭ ላይ ሳየው ፍርሃት ሳይሆን ክብር ነው የሚነበበኝ።

ስለ ስሌቱ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ያለ እርሱ ሥራው አይሳካም። ሌንሱ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። የእጅ መስቀል በእውነተኛ መጠኑ ለማንሣት ብፈልግ፣ በ135 ሚሊሜትር ሌንስ ወናፉን እስከ 270 ሚሊሜትር ድረስ መዘርጋት አለብኝ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ጊዜውን አራት እጥፍ አደርገዋለሁ። ሁለተኛው ነገር የፊልሙ የራሱ ጠባይ ነው። ጊዜው ከአንድ ሰከንድ ሲያልፍ ፊልም ለብርሃን ያለው ስሜት ይዳከማል፤ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ፕላስ በተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የብርሃን መለኪያው 10 ሰከንድ ቢል የሚያስፈልገው 18 ሰከንድ ያህል ነው። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው የዚህን ልዩነት ሠንጠረዥ ከካሜራው ቦርሳ ክዳን ሥር ቢለጥፍ ይጠቀማል።

ፊልሙን የምጭነውም የማጥበውም ፍጹም ጨለማ ውስጥ ነው። በፊልም ሲኒማዎች ላይ የምናየው ቀይ መብራት ለወረቀት እንጂ ለዚህ ፊልም አይሆንም፤ ይህ ፊልም ቀይ ብርሃንንም ያያል። ስለዚህ ፊልሙ በየትኛው ገጹ እንደሆነ የሚታወቀው በጣት ነው። በአንዱ ጥግ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ተቆርጠዋል፤ ፊልሙ ቁመቱ እንደቆመ ተይዞ ጥርሶቹ በቀኝ በኩል ከላይ ሲሆኑ፣ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ እኛ ዞሯል ማለት ነው። የመያዣው ሳንቃም አንዱ ጠርዙ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው፤ ነጩ ወደ ውጭ ሲሆን ፊልሙ ገና እንዳልተነሣ፣ ጥቁሩ ሲሆን እንደተነሣ ያሳያል። በነጩ በኩል በጨለማም የሚዳሰሱ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። ኤፍፒ4 ፕላስን በአይዲ 11 ማጠቢያ፣ አንድ እጅ ማጠቢያ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅዬ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ11 ደቂቃ አጥበዋለሁ። ከዚያ ማስቆሚያው፣ ማጽኛው፣ በመጨረሻም ረጅም የውኃ ማለቅለቂያ ይከተላል። ኔጋቲቩ ትልቅ ስለሆነ ያለ ማጉያ መሣሪያ በቀጥታ ከወረቀት ጋር አጣብቆ ማተም ይቻላል፤ ለተነሺው የምሰጠው እንዲህ የታተመውን፣ በመዳፍ የሚያዘውን ፎቶግራፍ ነው።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ስለ ሌንሱ ከመጨነቅ ይልቅ አስቀድሞ ወናፉን ለመመርመር ጊዜ እንዲሰጥ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ ካሜራው ውስጥ አስገብቶ እጥፋቶቹን፣ በተለይም ማዕዘኖቹን፣ ከውጭ ማየት ነው፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነጥብ እንኳ ፊልሙን ያበላሻል። የሹተሩ ዝቅተኛ ፍጥነቶች፣ ማለትም አንድ ሰከንድና ግማሽ ሰከንድ፣ ብዙውን ጊዜ ቅባቱ ስለደረቀ ይጎተታሉ፤ በጆሮም ይታወቃሉ። ፊልም ይዞ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያዎች እየተስፋፉ ያሉት ሲቲ (CT) የተባሉት የራጅ መፈተሻ ማሽኖች ፊልምን ስለሚጎዱ፣ በትሕትና በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። ሣጥኑ ከተከፈተ ፊልሙ በሙሉ ስለሚቃጠል፣ «ብርሃን አያይም፤ አይከፈት» የሚል ጽሑፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በሣጥኑ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል።

ኔጋቲቩ ከደረቀ በኋላ አሲድ በሌለው የወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ብዙዎቹ የጥንት ፎቶግራፎቻችን የአንሺያቸው ስም ታውቆ የተነሺው ስም ጠፍቶ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ በፖስታው ላይ የተነሺውን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የትውልድ ቦታውን፣ የተነሣበትን ቤትና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። የምጽፈውም ኔጋቲቩን ከማስገባቴ በፊት፣ በእርሳስ ነው፤ ቀለም ከጊዜ ብዛት ወረቀቱን አልፎ ፊልሙ ላይ ሊያርፍ ይችላል።